የወባ ትንኟ መርዝ ማርከሻ፦ ዲዲቲ ለምን መግደል አቃተው?

ጅማና አካባቢዋ ስለ ወባ ሲወራ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። «ድሮ ዲዲቲ ሲረጭ ትንኙም ትኋኑም ሙልጭ ብሎ ይጠፋ ነበር፤ በኋላ ምን ነካው?» ይባላል። ብዙ ሰው «መድኃኒቱ ተበርዞ ነው» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ረጪዎቹን ይወቅሳል፤ ውሃ አብዝተውበት ነው ባይ ነው። የአረጫጨት ችግር የትም ሊያጋጥም ይችላል። ዋናው ምክንያት ግን በመድኃኒቱም በረጪውም ዘንድ የለም። ያለው ትንኟ ውስጥ ነው።

ትንኟ ውስጥ መርዝ የሚያረክስ ፕሮቲን አለ። ዲዲቲን ይይዝና ከላዩ ትንሽ ነገር ያነሳለታል። የቀረው ትንኟን አይገድላትም። ይህ ፕሮቲን ምን እንደሚመስል፣ መርዙ የሚገባበት ጎድጓዳም ምን ቅርጽ እንዳለው ዛሬ አቶም በአቶም ይታወቃል። የታወቀውም ፕሮቲኑን ክሪስታል አድርገው በኤክስሬይ ስላዩት ነው። ከሩቅ ሲሰሙት የላቦራቶሪ ሰዎች ብቻ ጉዳይ ይመስላል። በኦሞ ናዳ ወይም በአሰንዳቦ አንድ ቤት ግድግዳ ላይ ምን ይረጭ የሚለው ጥያቄ ግን ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው።

ከዲዲቲ እንጀምር። መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1874 ነው። ያኔ ነፍሳት እንደሚገድል ያወቀ አልነበረም። ይህን ያገኘው ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ፖል ሙለር ነው፤ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1939። በ1948 በዚሁ ሥራው የሕክምና ኖቤል ተሸለመ። እኛም አገር የወባ ማጥፊያ ሰዎች ለአሥርት ዓመታት መርጫቸውን አዝለው ቤት ለቤት ዞረውበታል። ዕድሜው ገፋ ያለ የጅማ ሰው ግድግዳው ላይ የሚቀረውን ነጭ ነገር ያስታውሰዋል።

ሞለኪዩሉ ትንሽ ነው። 14 ካርቦን፣ 9 ሃይድሮጅንና 5 ክሎሪን አለው። ሁለት የካርቦን ቀለበቶች ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ክሎሪን ይዘዋል። የቀሩት ሦስት ክሎሪኖች አንዲት ካርቦን ላይ ተጠጋግተው ሰፍረዋል። እነዚህን ሦስቱን ልብ በሉልኝ፤ ትንሽ ቆይተን እንመለስባቸዋለን።

የሚገድለውም ነርቭ አበላሽቶ ነው። ነርቭ ምልክት የሚያስተላልፈው ሶዲየም በመተላለፊያው በኩል ገባ ሲል ነው። መተላለፊያው ይከፈታል፣ ወዲያው ይዘጋል። ዲዲቲ ሲገባ ግን እንዳይዘጋ ያደርገዋል። ነርቩ ያለ እረፍት ምልክት መላክ ይጀምራል። ትንኟ ትንቀጠቀጣለች፣ መብረር ያቅታታል፣ ትወድቃለች፣ ትሞታለች።

ከዚህ ለማምለጥ ትንኝ ሁለት ዋና ዋና መንገዶች አሏት። አንደኛው መተላለፊያው ራሱ መጠነኛ ለውጥ አድርጎ ዲዲቲ እንዳይይዘው መሆኑ ነው። ሁለተኛው መርዙ ነርቭ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ መርከሱ ነው። በጅማ ዙሪያ፣ በተለይ በግልገል ጊቤ ግድብ አካባቢ፣ በደንብ የተመዘገበው አንደኛው ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ የእኛ ዋና ወባ አስተላላፊ በሆነችው አኖፌለስ አረቢየንሲስ ላይ ይህን የመተላለፊያ ለውጥ በብዛት አግኝተውታል። ይህን ቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የማብራራው ኢንዛይም፣ ማለትም ያ መርዝ የሚያረክስ ፕሮቲን፣ ብቻውን የጅማን ችግር ያመጣው እንዳይመስላችሁ ነው። ሁለቱ መንገዶች ባንዲት ትንኝ ውስጥ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ሲገናኙ ደግሞ ነገሩ ይከፋል።

ትንኝ መድኃኒት መልመዷ እንዴት ይታወቃል? ዘዴው እጅግ ቀላል ስለሆነ ልግለጸው። ከኩሬና ከከብት ኮቴ ውስጥ እጭ ይለቀማል። በላቦራቶሪ ያድጋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ዓይነት ሥራ ሰኮሩ ላይ የምርምር ማዕከል አለው። ከዚያ ጥቂት ቀን የሆናቸው፣ ደም ያልጠጡ ሴት ትንኞች ከ20 እስከ 25 ሆነው ቱቦ ውስጥ ይገባሉ። የቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ 4 በመቶ ዲዲቲ በተነከረ ወረቀት ተሸፍኗል። አንድ ሰዓት እዚያ ይቆያሉ። ቀጥሎ ወደ ንጹሕ ቱቦ ይዛወሩና ስኳር ውሃ የነካ ጥጥ ይሰጣቸዋል። በ24 ሰዓቱ የሞተው ይቆጠራል። 98 በመቶና ከዚያ በላይ ከሞተ መድኃኒቱ ይሠራል። ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ትንኞቹ ለምደውታል ማለት ነው። ከጎን ደግሞ መድኃኒት ያልነካው ወረቀት ያለበት ቱቦ ይቀመጣል፤ በሙቀት ወይም በአያያዝ የሞተው ከመድኃኒት የሞተው ጋር እንዳይቀላቀል።

ቱቦው «አልሞተችም» ይላል። ለምን እንዳልሞተች ግን አይናገርም። እዚህ ላይ ነው ኢንዛይሙ የሚመጣው።

ስሙ ረዘም ይላል፦ ግሉታታዮን ትራንስፈሬዝ። ባጭሩ ጂኤስቲ እንበለው። አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ሰፊ ቤተሰብ ነው። እኛም ጉበታችን ውስጥ አለን። ከብትም፣ ተክልም፣ ትንኝም አላቸው። ከትንኟ ጂኤስቲዎች መካከል ዲዲቲን በማርከስ ቀዳሚው ጂኤስቲ-ኢ2 የሚባለው ነው።

የሚሠራው ከረዳቱ ጋር ነው። ረዳቱ ግሉታታዮን ይባላል፤ ከሦስት አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ቅንጣቶች) የተገጣጠመ፣ ጫፉ ላይ ሰልፈር ያለው ትንሽ ሞለኪዩል ነው። ኢንዛይሙ መጀመሪያ ግሉታታዮንን ቦታው ላይ ያስቀምጠዋል። ሰልፈሩ ሃይድሮጅኑን እንዲለቅም ያደርገዋል። ሃይድሮጅኑን ያጣ ሰልፈር ሌላ ሃይድሮጅን አጥብቆ ይፈልጋል። ዲዲቲው አጠገቡ ሲደርስ ከመሃለኛው ካርቦን ላይ አንዱን ሃይድሮጅን ይነጥቀዋል። ይሄኔ ከእነዚያ ሦስት ክሎሪኖች አንዱ መቆየት ያቅተውና ለቆ ይሄዳል። አለቀ። 5 ክሎሪን የነበረው ሞለኪዩል 4 ክሎሪን ይዞ ቀረ። ቅርጹም መሃሉ ላይ ጠፍጠፍ አለ። አሁን ስሙ ዲዲኢ ሆኗል። ትንኟን አይገድላትም።

እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። በዚህ ሁሉ ግሉታታዮኑ አይበላም። ሃይድሮጅኑን መልሶ አግኝቶ እንደነበረ ይሆናል። ኢንዛይሙም አይጎዳም። ያንኑ ሥራ በሚቀጥለው ዲዲቲ ላይ ይደግመዋል። ትንኟ ይህን ኢንዛይም በብዛት የምታመርት ከሆነ፣ ወይም የምታመርተው ዓይነት ሥራው ፈጠን ያለ ከሆነ፣ እግሯ ላይ የተጣበቀው መርዝ ነርቯ ጋ ሳይደርስ ያልቃል።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅን? ኢንዛይሙ በማንኛውም የብርሃን ማይክሮስኮፕ አይታይም። ምክንያቱም የብርሃን ሞገድ በሁለት አቶሞች መካከል ካለው ርቀት በሺዎች እጥፍ ይረዝማል። የኤክስሬይ ሞገድ ግን ከዚያ ርቀት ጋር የሚቀራረብ ነው። ችግሩ አንድ ሞለኪዩል ብቻውን የሚበትነው ኤክስሬይ ኢምንት መሆኑ ነው። ስለዚህ እልፍ አእላፍ ሞለኪዩሎች አንድ ዓይነት አቅጣጫ ይዘው፣ ረድፋቸውን ጠብቀው መቆም አለባቸው። ክሪስታል ማለት ይኸው ነው። የከፋና የጅማ ማር ሲቆይ ጠጥሮ ስኳር ስኳር እንደሚለው ያለ ነገር ነው፤ ማሩ ውስጥ ያለው ስኳር ተሰልፎ ሲረጋ ነው እንዲያ የሚሆነው። ፕሮቲን ግን እንደ ስኳር በቀላሉ አይሰለፍም። ትልቅ ነው፤ ለስላሳ ነው፤ በትንሽ ነገር ይበላሻል።

ሥራው በባክቴሪያ ይጀምራል። ኢንዛይሙን የሚያሠራው የትንኟ ጂን ኢ. ኮላይ ውስጥ ይገባል። ባክቴሪያው ሲራባ ፕሮቲኑንም ያመርታል። ከዚያ ይጨመቃል፣ ይጣራል፣ ከሌላው ፕሮቲን ሁሉ ይለያል። የጠራው ፕሮቲን በጠብታ ይሆንና ከጨውና ከሌሎች ውሁዶች ጋር ተደባልቆ ተዘግቶ ይቀመጣል። ጠብታው ቀስ በቀስ ውሃ ያጣል። ዕድል ከቀናም ክሪስታል ይወጣል። የትኛው ጨው፣ በምን ያህል መጠን፣ በምን ሙቀት የሚለውን ቀድሞ የሚያውቅ የለም። በመቶ የሚቆጠር ቅይጥ ይሞከራል። አንዳንዱ በቀናት ይሳካል፣ አንዳንዱ ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዱ ጨርሶ እምቢ ይላል።

የተገኘው ክሪስታል ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር ያንሳል። በቀጭን ቀለበት ተጠልፎ ይወጣና በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀዘቅዛል። ኤክስሬይ ሲመታው ጨረሩ ይበተንና ሰሌዳው ላይ ብዙ ነጥቦች ይተዋል። ክሪስታሉ እየዞረ ነጥቦቹ ይሰበሰባሉ። ከነጥቦቹ ተነስቶ ቅርጹን ማስላት ቀላል አይደለም። የአንዱ ቅርጽ ቀድሞ ከታወቀ ግን የዘመዱን ለማወቅ በጣም ይረዳል። የጂኤስቲ ቤተሰብ የመጀመሪያው ቅርጽ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ ከአሳማ ሳንባ በተወሰደ ኢንዛይም። በኋላ የመጡት በዚያ ላይ ተመርኩዘዋል።

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ኃይለኛ ኤክስሬይ ሲንክሮትሮን ከሚባል ግዙፍ ማሽን ይመጣል። በአፍሪካ ምድር አንድም የለም። ቀረብ የሚለን እ.ኤ.አ. በ2017 ዮርዳኖስ ውስጥ የተከፈተው ሴሳሚ ነው። ትንኟ ከእኛ ረግረግ ተለቅማ ክሪስታሏ የሚታየው ባሕር ማዶ መሆኑ ያሳዝነኛል። ደግነቱ ውጤቱ ለሁሉም ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የተቋቋመው የፕሮቲን መረጃ ባንክ እስካሁን የታወቁትን ከ200 ሺህ በላይ ቅርጾች በነፃ ያሳያል። ጅማ ውስጥ ኢንተርኔት ያለው ተማሪ የትንኟን ኢንዛይም ስልኩ ላይ ከፍቶ እያዟዟረ ሊያየው ይችላል።

ምን ያያል? ሁለት ተመሳሳይ ግማሾች ተጋጥመው ያያል። እያንዳንዱ ግማሽ ወደ 220 የሚጠጉ አሚኖ አሲዶች ተጠማዘው የሠሩት ነው። እያንዳንዱ የራሱ ጎድጓዳ አለው። ጎድጓዳው ሁለት ጎረቤት ክፍሎች አሉት። በአንደኛው ግሉታታዮን ይቀመጣል። ይህ ክፍል በመላው ቤተሰብ ብዙም አይለያይም። ሁለተኛው መርዙ የሚገባበት ነው። የጂኤስቲዎች ልዩነት በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። በትንኟ ጂኤስቲ-ኢ2 ይህ ክፍል ውሃ በማይወዱ አሚኖ አሲዶች የተከበበ ነው። ዲዲቲም ውሃ አይወድም፤ ዘይት ውስጥ እንጂ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ስለዚህ እዚያ ይመቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የአኖፌለስ ጋምቢየ ኢንዛይም ቅርጽ ይህን አሳየ። አኖፌለስ ጋምቢየ የአፍሪካ ዋነኛዋ ወባ አስተላላፊ ናት። አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት፦ ዲዲቲው ራሱ ክሪስታሉ ውስጥ አልታየም። በጎድጓዳው እንዴት እንደሚገባ የተሰላው በኮምፒውተር ነው።

ዋናው ነገር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። አኖፌለስ ፈነስተስ የምትባል ሌላ ወባ አስተላላፊ አለች። ቤኒን ውስጥ ዲዲቲን ክፉኛ ለምዳዋለች። ተመራማሪዎች የእሷን ጂኤስቲ-ኢ2 መድኃኒት ከሚገድላት የሌላ አካባቢ ዘመዷ ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ ያለው 119ኛው አሚኖ አሲድ ላይ ሆነ። ሉሲን በነበረበት ቦታ ፌኒልአላኒን ገብቷል። ከ220 ገደማ አንዱ ብቻ!

አሁን ልብ በሉ። ፌኒልአላኒን ከሉሲን ይተልቃል። ትልቅ ነገር ሲገባ ጎድጓዳው ይጠብባል ብሎ የማይገምት ማን አለ? ሁለቱን ክሪስታሎች ጎን ለጎን ሲያዩ ግን የተገኘው ተቃራኒው ነው። ዲዲቲ የሚገባበት ጎድጓዳ ሰፍቷል። የአንዱ አሚኖ አሲድ መቀየር ቦታውን ለዲዲቲ አመቻችቶለታል። መርዙ በቀላሉ ይገባል፣ በፍጥነትም ይረክሳል። የአሚኖ አሲዶቹን ዝርዝር ብቻ ያየ ሰው ይህን ሊገምት አይችልም። የክሪስታል ሥራ ለምን ያስፈልጋል ለሚለኝ ሰው የማቀርበው ምሳሌ ይሄ ነው። ተመራማሪዎቹ በዚህም አላበቁም። የተለወጠውን ጂን የፍራፍሬ ዝንብ ውስጥ አስገቡት። ዝንቡ ዲዲቲን መቋቋም ጀመረ። ፐርሜትሪን የሚባለውን የአጎበር መድኃኒት ጭምር።

«መርከስ» ስንል ግን ለማን? ለትንኟ ነው። ዲዲኢ ለትንኟ ምንም አይደለም፤ ለእኛና ለአካባቢያችን ግን ቶሎ አይጠፋም። ስብ ውስጥ ይከማቻል፣ ዓመታትም ይቆያል። ዲዲቲ በአፈርና በእንስሳት ገላ ውስጥም ወደ ዲዲኢ ይለወጣል፤ ትንኟ ብቻ አይደለችም የምትሠራው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በአሰንዳቦ፣ በሰርቦና በጅማ ከተሞች ከእናቶችና ከላሞች በተወሰደ ወተት ውስጥ የዲዲቲ ቅሪት አግኝቷል። ይህን የምታነቢ እናት ካለሽ፣ ጡት ማጥባትሽን እንዳታቆሚ። ለሕፃኑ የሚሰጠው ጥቅም ያመዝናል፤ የጤና ባለሙያዎችም የሚመክሩት ማጥባትን ነው። ዲዲቲን ለእህልና ለአትክልት መጠቀም ግን በምንም ምክንያት ልክ አይደለም።

የእኛም ጂኤስቲ ሥራ አይፈታም። ፓራሲታሞል ስንውጥ ጥቂቱ ጉበት ውስጥ ወደ መርዛማ ነገር ይለወጣል። ግሉታታዮን ይዞ ያረክሰዋል። በልክ ከተወሰደ ምንም ችግር የለም። ከልክ በላይ ከተዋጠ ግን ግሉታታዮኑ ያልቃል። እዚህ ላይ ከትንኟ የሚለየው፣ ግሉታታዮኑ መርዙ ላይ ተጣብቆ አብሮ መሄዱ ነው። ሲያልቅ ጉበት ይጎዳል። ስለዚህ ራስ ምታት ሲበረታ ፍሬ መደራረብ አደገኛ ነው።

ወደ ጅማ ግድግዳዎች እንመለስ። ኢንዛይሙ እንዴት እንደሚሠራ ሲታወቅ ጥቂት ነገሮች ይጠራሉ። አንደኛ፣ «መጠኑን እንጨምር» የሚባለው ነገር አያዋጣም። መጠን በጨመረ ቁጥር የሚተርፉት ይበልጥ የሚያረክሱት ናቸው፤ የሚወልዱትም እነሱው። ሁለተኛ፣ ዲዲቲ ካቃተው «ሌላ እንሞክር» ሲባል የትኛውን የሚለው ወሳኝ ነው። አጎበር ላይ ያለው መድኃኒት የፓይሬትሮይድ ወገን ነው። ይሄ ደግሞ ልክ እንደ ዲዲቲ የሶዲየም መተላለፊያውን ነው የሚይዘው። መተላለፊያዋ የተለወጠ ትንኝ ሁለቱንም ትቋቋማለች። አገራችን ዲዲቲን ለቤት ርጭት ማቆሟና በኋላም በሌላ መንገድ ወደሚገድሉ እንደ አክቴሊክ ወዳሉት መዞሯ ከዚህ የተነሳ ነው። ሦስተኛ፣ ጂኗ ውስጥ የተለወጠችው ፊደል ከታወቀች ትንኟን ቱቦ ውስጥ ሳያስገቡም መመርመር ይቻላል። ከአንዲት ትንኝ የሚወጣ ዘረመል ይበቃል። ለ119ኛዋ ለውጥ እንዲህ ያለ ምርመራ እዚያው ጥናት ላይ ተሠርቷል።

አጎበር ግን አይጣል። ትንኟ መድኃኒቱን ብትለምደውም መረቡን አልፋ አትነክስም። የተቀደደውን መስፋት ብቻ ነው። ቤት ከተረጨ በኋላም ግድግዳውን በእበት መለቅለቅ ወይም ቀለም መቀባት መድኃኒቱን መሸፈን ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ትንኟ ከጂኤስቲ ሌላም አርካሽ ኢንዛይሞች አሏት። ፒ450 የሚባሉት ዋነኞቹ ናቸው። ክሎርፌናፒር የሚባለው መድኃኒት እነዚህኑ ያታልላቸዋል። እንዳለ ሲወሰድ ብዙም አይጎዳም። የትንኟ ፒ450 ሊያረክሰው ብሎ አንድ ቁራጭ ሲነቅልለት ግን ያኔ ገዳይ ይሆናል። ነርቭን ትቶ ሴሉ ጉልበት የሚያገኝበትን ቦታ ነው የሚመታው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ይህ ያለበትን አጎበር፣ ትንኞች ፓይሬትሮይድ በለመዱባቸው አካባቢዎች እንዲመረጥ መክሯል። ትንኟ ለዚህም መላ እንዳታገኝ፣ የሰኮሩ ዓይነቱ የቱቦ ምርመራ በየዓመቱ መቀጠል አለበት፤ በጀቱም ወባ በሚነሳበት ወቅት ሳይሆን ቀደም ብሎ መያዝ አለበት።